ሲሚንቶው እስኪጠነክር

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ ለድምቡሼ፤

ባልሽና ልጆችሽ እንዴት ናቸው? አንቺ በወረቀት የመጣ ነገር ስታዪ ሰው የሞተ ስለሚመስልሽ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ማንም አልሞተም። እኔ አለሁ፤ እንዲያውም ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። መቀመጥ ስለሚያመኝ ወረቀቱን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ክርኔን ተደግፌአለሁ። ፊደሌ ከተዛባ ጠረጴዛውን ውቀሺ።

በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። ስልክ ስናወራ አባትሽ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ስስ መሆኑን በየጊዜው በጣቱ እያንኳኳ የሚነግረኝም ራሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ጮኸሽበታል። ምን እንዳልሽው አልነገረኝም፤ ድምፅሽ ግን ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደርሷል። «እናቴን በቁሟ አልጋ ላይ ቀበርካት» ነው ያልሽው።  ስልኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደፋና በረንዳ ወጣ፤ እስኪመሽም አልገባም። ተቆጣሽ ብዬ አልፈርድብሽም፤ የተደበቀባት ልጅ ትቆጣለች። ግን የሰማሽው ግማሹን ነው፤ ያንንም ከጎረቤታችን ከፀጉር ሠሪዋ። እሷ ደግሞ ወሬ ስትነግር ፀጉር የምትቆርጥ ይመስላታል፤ የማይመቻትን ትጥለዋለች። ሙሉውን ከእኔ ስሚው።

ነገሩ የጀመረው በቀሚሴ ነው። ከካቻምና ጀምሮ ቀሚሶቼ መሬት መጥረግ ያዙ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የራሴን ቀሚስ ቁመት ሜትር ሳላነሳ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን በጨርቁ ላይ ጣልኩና ጨርቅ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ተጣላሁ። ሲታጠብ የሚረዝም ጨርቅ ሸጥክልኝ አልኩት። ሰውዬው ታጋሽ ነው፤ የእሱ ጨርቅ ታጥቦ ሊያጥር ይችላል እንጂ እንደማይረዝም ሊያስረዳኝ ሞከረ። አልሰማሁትም። ቤቴ ገብቼ የቀሚሶቼን ሁሉ ጫፍ አጥፌ ሰፋሁ። የደንበኛን ትከሻ በዓይኗ የምትለካ ሴት፣ እያጠረች ያለችው ራሷ መሆኗ አልመጣላትም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል ከወለሉ ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ላይ ቀጭ አለ። ክር በጥርስ ሲበጠስ የሚሰማውን ያህል ነው፤ ትንሽ ድምፅ ነበር። የተከተለው ሕመም ግን ትንሽ አልነበረም። ስተኛ ያመኛል፣ ስነሳ ያመኛል፤ ማስነጠስ ፈርቼ አፍንጫዬን ይዤ እውል ነበር። ለአንቺ «ወገቧን ትንሽ ያዝ አድርጓታል» አልንሽ። ያን ቃል የመረጠው አባትሽ ነው፤ የተስማማሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትበሪ ብለን ነበር።

ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ማስታገሻ ሳምንታት አልፈውም ምንም አልፈየደልኝም፤ እየጠጣሁ እደነዝዛለሁ፣ ስነቃ ሕመሙ ቦታው ላይ ይጠብቀኛል። በመጨረሻ ወደ አከርካሪ ሐኪም ላኩን። ሐኪሙ ካንቺ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሲናገር የሰው ዓይን ያያል። የጀርባዬን የራጅ ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ «እማማ፣ አጥንትዎ ሳስቷል። ከአከርካሪዎ አጥንቶች አንዱ ተደርምሷል» አለኝ። አባትሽ እስከዚያ ድረስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ነበር። ተደርምሷል የሚለውን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ሰፈሩ ሁሉ ፎርማን ብሎ የሚጠራው በከንቱ አይደለም።

ሐኪሙ የሚደረገውን አስረዳን። በራጅ እያዩ በጀርባ በኩል መርፌ ወደተሰበረው አጥንት ያስገባሉ፤ በመርፌው ውስጥ እንደ ሊጥ የላላ የአጥንት ሲሚንቶ ይሞላሉ፤ እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥሮ ስብርባሪውን አንድ ላይ ይይዛል። ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራ አልደበቀንም። የአጥንቱን መሳሳትም እንደማያድን፣ ለሱ መድኃኒት እንደምጀምር፣ ሌላውም አጥንት ሊሰበር እንደሚችል ነገረን። አባትሽ ጉሮሮውን ጠርጎ ድብልቁ ስንት ለስንት እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ሳቀ፤ የግንባታ ሲሚንቶ አለመሆኑን፣ ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠጥር የፕላስቲክ ዓይነት መሆኑን ነገረው። አባትሽ ግን ቀጠለ፤ ሲሞላ ቢያመልጥ ወዴት ይፈስሳል አለ። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሳቁን ትቶ፣ እነሱም ከምንም በላይ የሚጠነቀቁት ለዚሁ እንደሆነ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትሽ ልጁን ይወደዋል።

ሥራው ከፈራሁት ቀለለኝ። በደረቴ ደፍተውኝ ጀርባዬን አደነዘዙት እንጂ አላስተኙኝም። መርፌውን በትንሽ መዶሻ ሲመቱት ድምፁን ሰማሁ፤ ግፊት ተሰማኝ፤ በውነቱ ከጀርባዬ ይልቅ የተጨቆነው ትከሻዬ ነው ያመመኝ። ሲጨርሱ አንከባለው በጀርባዬ አስተኙኝ። ጥቂት ቆይቼ አየር ሳብኩ። እስከ ታች ድረስ ገባ። ያ ጥቅል ጨርቅ ከሰበረኝ ወዲህ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም ነበር፤ አለቀስኩ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት ሮጣ መጣች።

ወደ ማታ ሐኪሙ አልጋዬ ድረስ መጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይራመዱ፤ ሲሚንቶው ጠጥሯል። ከእንግዲህ ጠላትዎ አልጋ ነው፤ የተኛ አጥንት ይሳሳል፣ የተኛ እግር ይዝላል» አለኝ። ይህን ሲናገር አባትሽ ራስጌዬ ቆሞ ነበር። እኔም ነቅቼ ነበር። ሁለታችንም ጥርት አድርገን ሰምተናል፤ ይህን ያዢልኝ።

ቤት ስንገባ አባትሽ አልጋ ላይ አጋደመኝና ጫማዬን ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። «ልጁ ጎበዝ ነው» አለ፣ «ግን መድረቅ ሌላ ነው፣ መጠንከር ሌላ። አርማታም በማግሥቱ ይደርቃል፤ ብትረግጪው ድንጋይ ነው። ሸክም መቻል የሚጀምረው ግን በአራት ሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት ድጋፍ አይነሳም።» ይሄኛው የፕላስቲክ ዓይነት መሆኑን አስታወስኩት። ፕላስቲኩ ላይ የሚቀመጠው ግን ቤት ነው አለኝ። ቤት ያለው እኔን መሆኑ ነው።

ይህ ግትርነት ከየት እንደመጣ አንቺ አታውቂም። አባትሽ የቀን ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ፣ እኔን ሳያገኝ በፊት፣ ባለቤቱ የቸኮለ አንድ ፎቅ ነበር። የወለሉ አርማታ ጊዜው ሳይደርስ ከሥሩ ያለውን ድጋፍ እንጨት አንሱ ተባሉ፤ አነሱ። አባትሽም አንዱን በእጁ አንስቷል። ወለሉ ወረደ፤ ከሥሩ የነበረው አናጺ እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢያዝዘው ድጋፍ ያለ ጊዜው አንስቶ አያውቅም፤ በዚህም የተነሳ ከሥራ የተባረረበት ጊዜ አለ። ባንቺ ልጅነት ድንገት ቤት የሚውልባቸው ቀናት ነበሩ፤ አንቺ አባዬ ፈቃድ ወጣ እያልሽ ትፈነድቂ ነበር።

እንግዲህ ተኛሁ። መጀመሪያ ፍራሹ ጎድጉዷል አለና ከሥሩ ጣውላ አስገባ። ቀጥሎ ውሃ ልኩን አምጥቶ በቁመትም በወርድም ለካው፤ በግርጌ በኩል ትንሽ ስላዘነበለ ካርቶን አጥፎ አልጋው እግር ሥር ሸጎጠ። ግድግዳ የምታቃናበት ቱንቢ ብቻ ነው የቀረህ አልኩት። አትሳቂ፣ ይሰነጠቃል አለኝ፤ እኔም ይብሱን ሳቅሁ።

የበረንዳውን ወንበር አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠው። ያን ወንበር ታውቂዋለሽ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እዚያ ላይ ተቀምጦ ከፊት ለፊታችን የሚሠራውን ሕንጻ ይጠብቅ ነበር፤ ሠራተኞቹን ከሩቅ ይገሥጻል፣ እነሱም እንደ አለቃ እጃቸውን ያነሱለታል። አሁን ሕንጻውን ትቶ እኔን ይጠብቅ ጀመር። ሾርባ ያሞቅልኛል፤ ጨው ይረሳል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን በእርጥብ ፎጣ ይጠርጋል። ፀጉሬን ማበጠር ሲጀምር እንደ ሽቦ ነበር የሚጎትተው፤ ኋላ እጁ ለሰለሰ። የደንበኞቼ ሱሪዎች እንዳይቆዩ ብዬ ጫፍ መስፋት አስተማርኩት። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚፈጅበትን ጊዜ ብታዪ ታዝኚለታለሽ፤ የሰፋው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ስለሠራባቸው ግድቦችና ድልድዮች፣ አብረውት ድንኳን ውስጥ ስላደሩ ሰዎች አወራኝ። ሚስቱ ሆኜ ያልሰማሁትን ያህል ሰማሁ።

ቀኑ ሲሞላ አባትሽ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማዬን ወልውሎ አመጣ። ሕንጻ የሚያስመርቅ ይመስል ነበር። በብብቴ ገብቶ አቆመኝ። ቆምኩ። ወደ ወንበሩ ትንሽ እንደሄድኩ ግን እግሮቼ የኔ አልነበሩም፤ ጉልበቴ ከዳኝና ከእጁ አምልጬ ወንበሩ ላይ ዱብ አልኩ። ያ ድምፅ ተደገመ፤ ቀጭ። ከበፊቱ ከፍ ብሎ። አሁን ግን ሰሚው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ አየ። የሞላው አጥንት ንቅንቅ አላለም፤ የተደረመሰው ከሱ በላይ ያለው ነው። ከዚያ ምን ያህል እንደምራመድ ጠየቀኝ። ጫማዬን አየሁ። አልጋ ላይ እንደከረምኩ ሲገባው፣ «እማማ፣ ይተኙ ያለዎት ማነው?» አለኝ።

«ማንም አላለኝም፤ ራሴ ነኝ የተኛሁት» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አባትሽ ከኋላዬ። «እኔ ነኝ ያስተኛኋት።»

ልጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ፣ እንደዚህ በሳሳ አጥንት ብራመድም ኖሮ ይህኛው ሊሰበር ይችል እንደነበር ነገረን። ያን ያህል ጊዜ መተኛቴ አጥንቴንም እግሬንም እንደጎዳውም ነገረን። የትኛው ነው የሰበራት ብትሉኝ አላውቅም አለ። አባትሽ ከዚህ ሁሉ ለይቶ የሰማው መካከለኛውን፣ መተኛቴ ጎዳኝ የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሩን ወደ በረንዳ መልሶታል። አይነካኝም። ቤት ውስጥ ስራመድ እጄን የምትይዘው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እሱ ነው ሄዶ የለመናት። ለምን አንተ አትይዘኝም ስለው፣ «እኔ የያዝኩት አይተርፍም» አለኝና ወጣ። ሁለተኛውን አጥንት ሐሙስ ይሞሉልኛል። አብሮኝ እንደማይሄድ ነግሮኛል። ይህን ባለ በማግሥቱ ነው አንቺ የደወልሽው።

እንግዲህ የቀረውን ልንገርሽ።

ለሐኪሙ ራሴ ነኝ ስለው አባትሽ ልሸፍነው የዋሸሁ መስሎታል። አልዋሸሁም። የልጁን ምክር ሰምቼዋለሁ፤ አምኜውማለሁ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አባትሽ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ተነስቼ መስኮቱ ድረስ ሄጃለሁ። ምንም አላመመኝም። መጋረጃውን ገልጬ ውጪውን አየሁ፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ደረጃው ላይ ኮቴውን ስሰማ ተመልሼ ተኛሁና ብርድ ልብሱን እንደነበረ አስተካከልኩ። ልክ እንደተሻላት ሳይሆን እንዳልተሻላት ሴት ተነፈስኩ።

ለምን ትይኛለሽ። አንቺ ስትወለጂ እሱ ግድብ ላይ ነበር። መራመድ ስትጀምሪ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። በወሩ ደመወዝ ይዞ ይመጣል፣ ልብሱን አጥቤ እተኩስለታለሁ፣ ይሄዳል። አልበደለኝም፤ እንጀራችን እዚያ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እንግዲህ መጣ ብዬ ነበር፤ በረንዳ ላይ ወጣ። አብሮኝ ያረጀውን ሰው አላውቀውም ነበር፣ ልጄ። ያን ወንበር አልጋዬ አጠገብ ሲያስቀምጠው ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ብነሳ ወንበሩ ተመልሶ እንደሚሄድ አወቅሁ፤ አልተነሳሁም። ለዚህ አንድ አጥንት ከፍያለሁ፤ ምናልባትም ሐኪሙ እንዳለው ብራመድም ይሰበር ነበር፤ አላውቅም። ክፋቱ፣ የራሴን ዕዳ እሱ ተሸክሞት በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ይህን በአፌ ልነግረው ሞክሬ ነበር። ትናንት ሻይ ይዤለት ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ስለ ሕንጻው መስኮቶች ተናግሬ ተመለስኩ።

ደብዳቤውን ስጀምር አሽጌው በፀጉር ሠሪዋ በኩል ልልክልሽ ነበር ሐሳቤ። አሁን ትቼዋለሁ። ፖስታ ቤት ሁልጊዜ የሚሄደው አባትሽ ነው፤ ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ቁጥር ሳይዘጋ እሰጠዋለሁ፣ ከሥሩ ያቺን «ደህና ነን» የምትለዋን መስመር ጽፎ፣ አሽጎ ይወስዳል። ይሄንንም እንደ ሁልጊዜው ሳይዘጋ እሰጠዋለሁ። ከላይ ጀምሮ ያነበዋል፤ ምን እንደሚል አላውቅም። የዚህ መስመር ፊደል ከተዛባ ጠረጴዛውን አትውቀሺ።

አንቺ ግን ስትደውዪ ይቅርታ አትጠይቂው፤ ያሳፍረዋል። የልጆቹን ክፍል ቀለም ምን ላድርገው ብለሽ ጠይቂው፤ እሱ ይበቃዋል። አንቺም የኔ ልጅ ነሽና አጥንትሽን ተመርመሪ፤ ወተትሽን ጠጪ፤ በእግርሽ ሂጂ። ቀሚስሽ ከረዘመብሽ ከጨርቅ ሻጩ ጋር አትጣዪ።

ወገብሽ ቀጥ እንዳለ፣ ቤትሽ ሞልቶ፣ ልጆችሽ ዓይንሽ ሥር አድገው ለማየት ያብቃሽ። ፈጣሪ ከደጅም ከቤትም ይጠብቅሽ።

እናትሽ

ድምቡሽ፤ አንብቤዋለሁ። መስኮቱ ድረስ መሄዷን አውቅ ነበር፤ ብርድ ልብሱን አስተካክላ መጋረጃውን ረስታው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት የእውነቴን ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ ሲሚንቶው አልነበረም። ሐሙስ አብሬያት እገባለሁ፤ ማታውኑ እኔው ይዣት ትራመዳለች። አባትሽ።